ሃያ አራት ቮልትና የሾፌሩ ሬዲዮ

ባለቤቴ ወደ ግንባር ሲሄድ መሳለሚያ አጠገብ ያለችውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቃችንን እንድዘጋ ያልመከረኝ ሰው የለም። አልዘጋሁም። አምስት ዓመት አብሬው ስሠራ ሙያውን ጠንቅቄ አውቄው ነበር፤ እንዲያውም ሬዲዮ ላይ እኔ እበልጠው ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ ጠና ያሉ የወሎ ሰው መጡ። የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ እህል በረንዳ ስንዴ አራግፈው መመለሳቸው ነው። ሱቁን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ባለሙያው የለም እንዴ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ምን ገጠመዎት?»

አመነቱ። ግን መኪናው የተነሳው በሰው ግፊት ስለነበር ሌላ ቦታ ለመሄድም አልደፈሩም።

«ዘንድሮ ሦስት ባትሪ ቀየርኩ፤ ወላሂ ሦስት! ሁልጊዜ የሚሞተው በአንድ በኩል ያለው ነው።»

መኪናው ባለ ሃያ አራት ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ተገናኝተው ያስነሱታል። ለየብቻ ለካኋቸው። አንደኛው ደክሟል፤ ሌላው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃው ፈልቶ አልቋል።

«ሬዲዮ አለዎት?»

«ያለ ሬዲዮ ያን በረሃ በምን እዘልቀዋለሁ?»

ጋቢና ገብቼ ሽቦውን ተከተልኩት። ሬዲዮው ባለ አሥራ ሁለት ስለሆነ፣ የገጠመው ሰው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ስቦለታል።

«ሬዲዮው ከአንዱ ብቻ ይጠጣል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እኩል ይሞላል። ስለዚህ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ሞልቶ ይፈላል። ባትሪዎቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሬዲዮውን ልንቀለው?»

«አይንቀሉት። ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

ከተበላሸ አምፕሊፋየር ትልቅ ትራንዚስተር አወጣሁ። እንዳይግል ከምናለሽ ተራ ባመጣሁት የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ አሰርኩትና ሃያ አራቱን ወደ አሥራ ሁለት የሚያወርድ መቀነሻ ሠራሁ። ሬዲዮውን በሱ ላይ ቀኑን ሙሉ ሳስጮኸው ዋልኩ። የደከመውን ባትሪ ቻርጅ አድርጌ፣ የሌላውን ውሃ ሞልቼ፣ መቀነሻውን ከሁለቱም ባትሪዎች ጋር ገጠምኩላቸው።

«ሬዲዮው ቢቃጠልስ?» አሉ።

«ከተቃጠለ አዲስ ሬዲዮ ከኔ ይቀበላሉ።»

ከወር በኋላ መጡ። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን አቀበሉኝ።

«ነይ፣ ራስሽ አስነሺው።»

ወጥቼ ቁልፉን አዞርኩት፤ ወዲያው ተነሳ። ሬዲዮውም ይዘፍን ነበር። ከኋላቸው ሁለት የጭነት መኪኖች ቆመዋል።

«እነዚህም ያንኑ ይፈልጋሉ፤ አንደኛው ነገ መንገድ አለበት» አሉኝ።

«ከነገ ምሳ በኋላ ይውጣ» አልኩና መፍቻዬን አነሳሁ።