ወደ አባቴ በብስክሌት

«አባትህ ታመዋል፤ ቶሎ ና» የሚለው መልእክት ሲደርሰኝ አሰብ ውስጥ መምህር ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይታሰብም። ለወትሮው ለግማሽ ቀን ፈቃድ ደጅ የሚያስጠኑን ሰዎች ግን ያን ዕለት አንድ ቃል ሳይጠይቁ ፈርመው ሰጡኝ። ጎረቤቶቼም ስንቅ ቋጥረው መጡ። የአሰብ ሰው ደግ ሆነ ብዬ ተገረምኩ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

መኪና አልነበረም። የአውሮፕላኑ ወንበር ለሹማምንት ነው፤ ተሳቢዎቹ ኮንቮይ እየጠበቁ ወደቡ ዳር ተደርድረዋል፤ መቼ እንደሚንቀሳቀሱ የሚያውቅ የለም። እስከ አገሬ፣ እስከ ኮምቦልቻ በብስክሌቴ እሄዳለሁ አልኩ። አብደሃል አሉኝ። ይበሉኝ! አባቴን በሕይወት ሳላገኛቸው ብቀር ዕድሜዬን በሙሉ ይቆጨኛል።

በነዳጅ ማጣሪያው የሚሠራ፣ እኔ ጋሼ የምለው አንድ መካኒክ ያገሬ ሰው ነበር። መኪና እስኪገኝ ጠብቅ ብሎ ሲለምነኝ ዋለ። እምቢ ስለው የራሱን ብስክሌት አውጥቶ ጎማውን መንፋት ጀመረ።

«ብቻህንማ አትሄድም፣ መምህር» አለኝ።

ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን፤ ፀሐይ ሲበረታ ድልድይ ሥር ገብተን እንጋደማለን፤ አመሻሽ ላይ እንደገና እንነዳለን። መቀመጫዬ ከመላጡ የተነሳ ቁልቁለቱን ሁሉ በቁሜ ነው የወረድኩት። የጀሪካኑ ውሃ ሻይ ሊፈላበት ምንም አይቀረው፤ ፉርኖው ደርቆ ድድ ያደማል። ጋሼ ውሃውን አፌ ውስጥ አቆይቼ በጥቂት በጥቂቱ እንድውጥ፣ ካላማዳሪያ ሲበሳ ደግሞ ጥላ ፈልጌ እንድለጥፍ አስተማረኝ። እያደር እግሬም ጉሮሮዬም ለመዱት። ልቤ ነው እምቢ ያለው።

ጋሼ አይቸኩልም። ካቴናው ላላ ብሎ ይቆማል፤ ነፋሱ ይብረድ ብሎ ይቆማል። አንዴ ትዕግሥቴ አልቆ፣ «አንተ አባት የለህም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

ቀና ብሎ አየኝና ካቴናውን ዘይት መቀባቱን ቀጠለ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ። ተረቱ አበገነኝ።

ደባይሲማ የምትባለውን የመንገድ ዳር መንደር አለፍ እንዳልን ግመሎች የሚነዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ አገኘን። በአፋር አገር ሁለት መንገደኛ ተገናኝቶ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ። የውሃውና የግጦሹ ነገር በዚያ ወሬ ላይ የተንጠለጠለ ነውና መዋሸትም መደበቅም ትልቅ ነውር ነው። ጋሼ አሰብ ብዙ ስለኖረ አፋርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ግራር ሥር ጋደም አልኩ። ሽማግሌው ይጠይቃሉ፣ እሱ ይመልሳል፤ ስለ ወደቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ። ከዚያ ስለ እኔ ጠየቁት። ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ።

አፋርኛ አልችልም። ግን ከአፉ የሰማኋቸውን «አባት»ንና «ሞተ»ን የማያውቅ የአሰብ መምህር የለም፤ ልጆቹ ከክፍል ሲቀሩ የሚያቀርቡልን ምክንያት እሱ ነው።

ፈቃዱም ስንቁም ያኔ ገባኝ። ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። በእኛ ወግ መርዶ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ፣ በማለዳ ይረዳል እንጂ ዘመድ በሌለበት አይነገርም። ታመዋል እያሉ አገሬ ሊያደርሱኝ አስበው ነበር፤ እኔ ደግሞ በብስክሌት ካልሆነ ብዬ ገገምኩ። አንድ ቃል ከመናገር ይልቅ ያን በረሃ አብሮኝ መንዳት የቀለለው ሰው! ተናደድኩበት። ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ፤ ስጮህበት የታገሰኝ ለካ ለዚህ ነው። አባቴ ግን የሉም። የምደርስባቸው መስሎኝ እግሬን ስገድል የሰነበትኩት አፈር ለለበሱ ሰው ነበር።

ሽማግሌው የእኛን ወግ አያውቁም። መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና በዝግታ የሆነ ነገር አሉኝ። የግመል ወተት ቀዱልኝ። ጋሼ ከኋላቸው ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አሉህ?» አለኝ፣ ገብቶኝ እንደሆነ ለማወቅ።

«ሰላም ነው ያሉኝ» አልኩት።

እዚያ ብጮህ የሚይዘኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ደክሟል። ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጣሁና አመሰገንኩ።

አመሻሽ ላይ ተነሳን። ከአሰብ ከወጣን ጀምሮ ከፊት ከፊት እየነዳሁ ና እንጂ፣ ና እንጂ የምለው እኔ ነበርኩ። ያን ማታ ከጎኑ ሆኜ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ጋሼ ለምን ቀስ አልክ ብሎ አልጠየቀኝም።