ስምህን ተናገር

የሁለት ዓመት ልጃችን ጽጌ በኩፍኝ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፤ ማልቀስም አልቻልኩም። ባለቤቴ ጭላሎ ሥር ካለው ጠበል ገብቼ እንድሰነብት ለመነችኝ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጠበል የሄደን ሰው በስብሰባ ላይ አቁሞ ስለሚዘልፍ፣ ወገቤን አሞኛል ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ።

ጫካው ውስጥ ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር አንዲት ጎጆ ደረሰችኝ። በማግስቱ ጠዋት ያ ቀዝቃዛ ውሃ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ፣ ሳላስበው ጮኼ አለቀስኩ። ጠበል ላይ የጮኸ ሰው መንፈስ እንዳለበት ይቆጠራል። ሁለት ጎልማሶች ሮጠው ክንዴን ያዙኝ። አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«ማን ነህ? ስምህን ተናገር!»

ከቀብሩ ወዲህ በአፌ ያልጠራሁት ስም ወጣ።

«ጽጌ።»

«ሴት ናት ለካ» አሉ ተራ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት። «ሴቷ ደግሞ ቶሎ አትለቅም፤ አባ፣ ውሃውን ይጨምሩባት።»

«የት አገኘሽው?» አሉ ቄሱ።

«ቤታችን» አልኩ።

«በይ አሁን ልቀቂው! ውጪ!»

ከያዙኝ ሰዎች እጅ ተፈናጥሬ ቄሱ እግር ላይ ወደቅሁ።

«አባ፣ እባክዎ አያስወጧት።»