የሐጂ ጓሮ ስንጥቅ

ይህን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ሙያዬ የአፈር ምርመራ ነው። ነገሌ ቦረና አንድ ሐጂ ሱቃቸው ላይ ፎቅ ሊጨምሩ ፈልገው፣ አፈሩና የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋቱ እንዲጠና እኔ ተላክሁ። ከሻኪሶ ጀምሮ ጋቢና ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ፤ የነቃሁት ሾፌሬ የሱቁ ጓሮ ገብቶ መኪናውን ሲያቆም ነው።

በማግስቱ ጠዋት ገና ጉድጓድ ሳላስቆፍር፣ የጓሮው ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ የሄደ ስንጥቅ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፤ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ደግሞ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ስንጥቁ አዲስ ነው» አልኩ። «መሬቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡኝ። ሾፌሬ የመኪናውን ጎማ ደጋግሞ ይፈትሻል። አንዷን ክፍል ተከራይታ ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ ግን የስፌት መኪናዋን አሸክማ መውጣት ጀመረች።

ይሄኔ ሐጂ ክንዴን ይዘው ገለል አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እንግዳ በሰው ፊት አይታረምም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሾፌርህንም እንዳይነግርህ አደራ ብዬዋለሁ።»

«ምኑን ነው ሐጂ?»

«ትናንት ስትገቡ መኪናችሁ ወደ ኋላ ሲመጣ ግድግዳውን መታው። አንተም ከእንቅልፍህ ነቅተህ ‹ደረስን እንዴ?› አልከኝ። እኔም ‹ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ ደርሳችኋል› አልኩህ።»