ዝዋይ ላይ የበላሁት ምሳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «አባዬ፣ ይሄን እይ! ለጡረታህ ስጦታ ይሆናል» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩት። የአንድ ቀን የዓሣ ማጥመድ ጉዞ፣ ከስምንት ሰው አይበልጥም፣ ምሳ ጀልባው ላይ ይቀርባል ይላል። ፎቶው ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ወጣቶች ዓሣ ከፍ አድርገው ይዘው ጥርሳቸውን ያሳያሉ።

«አልሄድም» አልኳት።

«ለምን? ውኃ ትፈራለህ እንዴ?»

«ውኃውን አይደለም፤ ምሳውን ነው።»

ልጄ ሰው ሲያረጅ ነገረኛ ይሆናል ብላ ታምናለች። ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች። ነገረኛስ ነኝ፣ አልክድም። ወልቂጤ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ጠመኔ ስወረውር እንጂ ስስቅ የሚያስታውሰኝ ተማሪ ብዙ አይደለም። ግን እኔም አንድ ጊዜ ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ እንደነዚያ ወጣቶች ጥርሴን አሳይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተከድቼ አላውቅም።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ቡታጅራ ነው፤ ማስተማርም የጀመርኩት እዚያው ነው። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ሲባሉ ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ከፊት የሚቆሙ ሰው ነበሩ። እሳቸው ደጁ ላይ ቆመው እምቢ ያለ የልጅ አባት ስለመኖሩ አልሰማሁም።

ዘነበች ደግሞ ገበያው ዳር የአባቷን ሱቅ ትጠብቅ ነበር። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነው። መርፌ በወጉ መያዝ የማልችለው ሰውዬ በዚያ ዓመት የገዛሁት የሸሚዝ ቁልፍ የትምህርት ቤታችንን ተማሪ ሁሉ ያለብሳል። መጀመሪያ እየሳቀች ትሸጥልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ቁልፉን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና ዓይኔን ሳታይ «እንግዲህ ቁልፍ ይበቃሃል። ሽማግሌህን ላክ፤ እኔ ሌላ ወሬ አላውቅም» አለችኝ። ከዚያ ሱቅ እንዴት እንደወጣሁ እንጃ!

የቀረው ለአጎቴ መንገር ነበር። እዚህ ላይ የዛሬ ልጆች አይገባችሁም። በኛ ቤት አንድ ጎረምሳ አሳዳጊው ፊት ቆሞ «እከሊትን አጋቡኝ» አይልም፤ ነውር ነው። ጓደኛ ይላካል። ጓደኛው በጨዋታ መሃል ነገሩን ጣል ያደርገዋል፣ ትልቁ ሰው እንዳልሰማ ሆኖ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ልጁና አሳዳጊው ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ሽማግሌው ይሄዳል። እኔም ወጉን ጠብቄ ታደለን ላክሁ።

ታደለ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ነው። አባቱ አዲስ አበባ ሱቅ ከፍተው እዚያው ስለቀሩ የኛ ቤት ልጅ ነበር ማለት ይቻላል። አጎቴ እኔን እንደሚቆጡኝ ይቆጡታል፣ እኔን እንደሚያበሉኝ ያበሉታል። «አንተ ተናገርልኝ፤ እኔ አፌ ይተሳሰራል» አልኩት። «ለኔ ተወው!» አለና ደረቱን መታ። በሦስተኛው ቀን እየሮጠ መጣ።

«ጨርሻለሁ! ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ይሄዳሉ። ከፊት የሚሆኑት አጎትህ ናቸው።»

አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። ከዚያ ወዲያ አጎቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸውም ምንም አላሉኝም፤ እንዲያ ነው ወጉ። አንድ ቀን ብቻ ራት ላይ «እሁድ ጉዳይ አለብኝ» ሲሉ አንገቴን ደፍቼ ላቤ ጠብ ጠብ አለ። እሳቸው የበርበሬው መስሏቸው ውኃ አቀበሉኝ።

የዓሣ ማጥመዱን ሐሳብ ያመጣው ታደለ ነው። «ሽማግሌ የተላከለት ሰው ዕለቱን ከተማ ውስጥ ሲንጎራደድ አይታይም፤ ያስንቅሃል። ዝዋይ ወርደን ዓሣ ስናጠምድ እንዋል። ምሳውን እናቴ ትሠራልናለች፣ ሸምሱ መኪናውን ያመጣል» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ቀንሶ «ለሸምሱ ግን እንዳትተነፍስ፤ አፉ ወሬ አይቋጥርም» አለ። እውነቱን ነው፣ ሸምሱ ወሬ አይቋጥርም። የዋህ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። በአባቱ ፒክአፕ በርበሬ ያመላልሳል፤ መኪናው ውስጥ የገባ ሰው እስኪወርድ ያስነጥሳል።

እሁድ ማለዳ እያስነጠስን ወጣን። እንሴኖን አልፈን ወደ ቆሼ ስንወርድ ብርዱ እየቀረ ሙቀቱ እየመጣ፣ ሹራባችንን አንድ በአንድ አወለቅን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ በየማሳው በርበሬው መቅላት ጀምሯል። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር፣ አጥንት ይፈታል። እኔ ግን ኮረኮንቹም ጣመኝ። ሸምሱ ዘፈን ሲያወጣ እቀበለዋለሁ፣ እጄን በመስኮት አውጥቼ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም እላለሁ። ታደለ መሃላችን ተቀምጦ ዝም ብሏል። እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል ብዬ ትከሻዬን ሰጠሁት፤ ተደግፎኝ ትንሽ አሸለበ።

ሐይቁ ዳር ገመቹ ከሚባል ጠና ያለ ሰው ጀልባ ተከራየን። የእንጨት ጀልባ ናት፣ ትንሽ ሞተር አላት፣ አራት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ገመቹ ከሸምበቆው አለፍ አድርጎ ሞተሩን አጠፋና ክርና መንጠቆ አደለን፤ ትሉን እንዴት እንደሚሰኩት አሳየን። ዓሣ ይዤ አላውቅም ነበር። ቆሮሶ የሚሏት ዓሣ መጀመሪያ ስትጎትተኝ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ገመቹ «ቀስ፣ ቀስ! ጉማሬ ትቀሰቅሳለህ» ብሎ ሳቀብኝ። አምስት ያዝኩ። ታደለ አንድም አልያዘም፤ ክሩን ውኃ ውስጥ ጥሎ ሰዓቱን ያያል። እኔ ስለኔ ተጨንቆ መስሎኝ «አይዞህ፣ አባቷ እምቢ አይሉም» ብዬ በጆሮው ሹክ አልኩት። እኔ ነኝ ያጽናናሁት! ይሄ ትዝ ሲለኝ እስከዛሬ ደሜ ይፈላል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ታደለ ዘንቢሉን ፈታ። ክትፎው በሸክላ ጣባ ሆኖ ቅቤው ገና ይፈስሳል፤ አይቡ፣ ጎመኑ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ስስ ቆጮ አብሮ አለ። እንዲህ ያለ ምግብ ለተራ እሁድ አይሠራም። ለኔ ደስታ ብሎ ነው ብዬ ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ሸምሱ ክርስቲያን ያረደውን ስለማይበላ የራሱን ዳቦና እንቁላል አወጣ። ታደለ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ደገመኝ። ለሦስተኛው እጁን ሲዘረጋ ሸምሱ እንቁላሉን እየላጠ እንዲህ አለ፦

«ኧረ ታዴ፣ እስካሁን እኮ ነገሩ አልቋል! ጠዋት እናትህ ዘንቢሉን ሲያስጭኑኝ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ኢንሻአላህ ዘነበችን ይሰጡሃል።» ወደኔ ዞረና «ያንተ አጎት ከፊት ቆመው ደግሞ ማን እምቢ ይላል!» አለኝ።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

«ለማን ነው የሚሰጡት?» አልኩ።

«ለታደለ ነዋ!» አለ ሸምሱ። ከዚያ እኔን አየ፣ እሱን አየ። «ወላሂ፣ አታውቅም ነበር እንዴ?»

ታደለ ቅቤ የነካ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ውኃውን ያያል። «ማታ ልነግርህ ነበር» አለ።

«አጎቴን ምን አልካቸው?»

«ስላንተ ልነግራቸው ነው የሄድኩት፤ እግዜር ምስክሬ ነው። አፌን ስከፍት የወጣው የራሴ ስም ሆነ። እኔም እወዳታለሁ። አንተ ቁልፍ መግዛት ሳትጀምር በፊት እወዳታለሁ።»

ተነስቼ አንገቱን አነቅኩት። ጀልባዋ ተዘነበለች፣ ጣባው ተንሸራቶ ክትፎው እግራችን ላይ ፈሰሰ፣ ገመቹ ጮኸ፦ «ተቀመጥ! ልትገድለን ነው? እዚህ ለመጣላት ቦታ የለም!» ተቀመጥኩ። ሰው መሬት ላይ ሲከዳ ጥሎ ይሄዳል፣ በር ይዘጋል። ጀልባ ላይ ምን ይደረጋል? ጉልበቴ ጉልበቱን እንደነካ፣ ትንፋሹን እየሰማሁ፣ ዳር እስክንደርስ ድረስ ፊት ለፊት ተቀመጥን። የበላሁትን ሁሉ ወደ ውኃው አስመለስኩት። የሚያሳዝነው፣ ጀርባዬን ያሸኝ ታደለ ነው። እጁን ወርውሬ ጣልኩት።

መኪናው ጋ ስንደርስ «ንዳ!» አልኩት ሸምሱን። አንድ ተስፋ ብቻ ነበረኝ። የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እንመካከር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቢያንስ ሦስቴ ያመላልሳል። አጎቴ ዛሬ ቀጠሮ ብቻ ይዘው ከተመለሱ ነገሩን ማቃናት ይቻላል። ሸምሱ «አላወቅኩም፣ ወላሂ አላወቅኩም» እያለ ያን ኮረኮንች በረረበት። ታደለ ከኋላ፣ ከዓሣው ጋር፣ አቧራ እየጠጣ መጣ።

አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ጋደም ብለው አገኘኋቸው። ቀና ብዬ ሳላየው የቆየሁት ፊታቸው ያን ዕለት በርቷል። «ልጄ፣ ለጓደኛህ ደስ ይበልህ! ያመላልሱናል ብለን ነበር፣ አባትየው ግን እኔን ሲያዩ በመጀመሪያው ቀን እሺ አሉን።»

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ አፌ የነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ለምን ራስህ አልነገርከኝም?»

«አፍሬ።»

«አሁን ተመልሼ ምን ልበል? በአንድ ደጅ ለሁለት ወንድ አልቆምም። ቃሌ ወጥቷል» አሉ፣ ፊታቸውንም በጋቢያቸው ሸፈኑ። በሳቸው አልፈረድኩም። ታደለ እሳቸውንም እንደኔው ነው የሠራቸው።

ሠርጉን አላየሁም። ዝውውር ጠይቄ ወልቂጤ ገባሁ፤ እዚሁ አገባሁ፣ ወለድኩ። ባለቤቴ መልካም ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ለዘነበች ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። የታጨች ልጅ ደጅ አይቆምም አልኩ። ደግሞ ልቤ ውስጥ ተቀይሜያታለሁ። ሽማግሌህን ላክ ያለችኝ ልጅ እንዴት ለሌላ ሰው እሺ ትላለች?

መልሱን ያወቅኩት ዓምና ነው። አጎቴ ዕድሜ ጠግበው ሞቱ፣ ለለቅሶ ቡታጅራ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሽበታም ሴት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ድምጿን ስሰማ ነው ዘነበች መሆኗን ያወቅኩት። ነፍስ ይማር አለችኝ።

«እንግዲህ አርጅተናል፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያን እሁድ ለምን እንዲያ አደረግከኝ?»

«ምን አደረግኩሽ?»

«አጎትህን ለሌላ ሰው ሽማግሌ አድርገህ ላክህብኝ? ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወንድሜን እንዲፈልግህ ልኬው ነበር እኮ፤ ‹ጠዋት ከታደለ ጋር ሆኖ እየዘፈነ በሸምሱ መኪና ሲወጣ አይተውታል› ብሎ መጣ። አልፈልግሽም ብለህ መንገር አቅቶህ ነው? አባቴ ሲጠይቁኝ እሺ ያልኩት ባንተ እልህ ነው።»

አፌ ተሳሰረ። በዚያ ዕድሜዬ፣ እንደገና! ልናገር ስል ታደለ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ «ነይ እንሂድ፣ መኪናው ቆሟል» አላት። እኔን አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

እኔ የታደለን ክህደት ይዤ ዕድሜዬን ስገፋ፣ እሷ ደግሞ የኔን ክህደት ይዛ ከሱ ጋር ኖራለች። ሚስት መንጠቁን በጊዜ ብዛት ትቼለት ነበር። ይህኛውን፣ እኔ አውቄ እንደላክሁ እያመነች ማኖሩን ግን እንዴት አድርጌ ልተውለት? ልጆች አሏት፣ የልጅ ልጆች አሏት። ብነግራት ቤቷን አናጋለሁ፤ ዝም ብል እሷን ለጓደኛው የሸጠ ሰው ሆኜ ልሞት ነው። ከዘመድ የተቀበልኩትን የስልክ ቁጥሯን ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ አልደወልኩም።

የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬአለሁ። ዘነበችም ዘነበች አይደለችም። እሷ ግን ይህን ካገኘችው ታውቀዋለች። ታንብበው።