በሃምሳው የጾመችው አበልጄ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዛሬም የዓሣ ጥብስ ሲሸተኝ ከዓሣው ይልቅ ትዝ የምትለኝ ሴትየዋ ናት።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ልብስ እሰፋለሁ። ልጄ ሰላም ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ከሲታ ስለነበረች የጤና ባለሙያዋ ዓሣ አብሏት አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም አበልጄ ይታይሽ፣ የሰላም የክርስትና እናት፣ መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ ትሸጣለች።

"ከጣና ነው የሚመጣልኝ። ለልጄ ምርጥ ምርጡን አስቀምጥላታለሁ" አለችኝ።

ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከእሷ ወሰድኩ። እሷ ራሷ ግን ቀምሳ አታውቅም። በጾም "እኔ ዓሣም እጾማለሁ" ትላለች፤ ጾም በሌለበት ደግሞ የፈቃድ ጾም ይዣለሁ ትላለች። እኔ ሞኟ በጽድቋ እቀና ነበር። ጎረቤቶቼንም "እንደ ይታይሽ ጹሙ" እያልኩ አሰለች ነበር።

ያን ዕለት፣ ረቡዕ ነው፣ ልጇን ይዛ ልትጠይቀን መጣች። ዓሣ ጠብሼ ስለነበር ጠቅልዬ ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ።

"ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? እጾማለሁ" አለችኝ።

ሳቅኩባት። "በሃምሳው ደግሞ ምን ጾም አለ?"

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ከቄሶቹ እኩል የምታውቅ ሴት ናት። በዚህ መሀል ልጇ ወደ ሳህኑ እጇን ስትሰድ መትታ አስጣለቻት። ያኔ ሳቄ ቆመ።

ዓሣው ምን እንዳለው ጠየቅኳት፤ ብዙም ሳላስጨንቃት ነገረችኝ። ዓሣው የጣና አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ኩሬ የሚወጣ ነው። ከኩሬው በላይ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ ያቀልጣሉ፤ እጣቢው የሚወርደው እዚያው ነው። ዓሣው እንዳይበላ የነገሯት ሰዎችም ነበሩ።

"ታዲያ ለምን ትሸጫለሽ?"

"በልቶ ምን የሆነ ሰው አላየሁም። ለልጄ ግን ፈራሁ።"

"ሰላምስ ልጅሽ አይደለችም?"

ነጠላዋን ሰብስባ ልጇን እየጎተተች ወጣች።

በማግስቱ ሰላምን ሐኪም ዘንድ ወስጄ የኩሬውንና የባትሪውን ነገር ነገርኩት። ደሟ ውስጥ እርሳስ እንዳለና እንደሌለ እናስመርምር ሲለኝ "ኧረ እርሳስ አልዋጠችም፤ ገና መጻፍም አልጀመረችም" አልኩት። ሳይስቅብኝ አስረዳኝ። እርሳስ ባትሪ ውስጥ ያለ ከባድ ብረት ነው፤ ዓሣው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቢጠበስም ቢቀቀልም አይለቅም፤ ይበልጡን የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። ተገኘባት።

ሰላም አሁን አንደኛ ክፍል ናት። ፊደል ቶሎ አይያዝላትም። ከዓሣው ይሁን ከሌላ፣ ሐኪሙም በእርግጠኝነት አልነገረኝም። እኔ ግን ደብተሯን በገለጥኩ ቁጥር እነድዳለሁ።

ይታይሽ ሽማግሌ ልካብኝ ነበር። "አበልጅ ከአበልጅ አይቀያየምም" አሉኝ። አልታረቅኳትም። ሰላም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፣ አቅፋ በእሷ ፈንታ "እክህደከ ሰይጣን" ብላ ሰይጣንን የካደችላት ይታይሽ ነበረች። የካደችው ግን እኛን ነው።