ድልድዩ እስኪያልቅ

ብረት በብረት ሲመታ የሚወጣው ድምፅ፣ ያ መጀመሪያ ጆሮን ወግቶ ከዚያ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቆየው፣ ባለፈው ሰኞ በምኖርበት ባዕድ ከተማ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ መንገድ ከሚቆፍሩት ሰዎች ዘንድ መጣና ያዘኝ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ልቤ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው ሀዲድ ላይ፣ አባቴ መዶሻውን ይዞ ሀዲዱን መታ እያደረገ ስንጥቅ እንዳለው በድምፁ በሚያዳምጥበት ትንሽ ጣቢያ ደርሶ ነበር።

ያን ቀን ከሐኪም መመለሴ ነበር። ጡቴ ውስጥ የተገኘውን ነገር ሐሙስ በኦፕሬሽን ያወጡታል። ልጄ ናሆም መሐንዲስ ነው፣ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ የባቡር መንገድ ይሠራል፣ ስለዚህ ነገር አንድም አያውቅም። አብራኝ ሬስቶራንት የምትሠራው አስናቀች ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ፣ «ስሚ፣ ኦፕሬሽኑ ይለፍና ትነግሪዋለሽ። አሁን ልጁን ምን ስትረስ ታደርጊዋለሽ? እዚያ ማዶ ሆኖ ምን ይፈይድልሻል?» አለችኝ፣ እኔም እውነትሽን ነው አልኳት። ፈርቼ ነበር፣ የፈራ ሰው ደግሞ ዝም በል ሲሉት ደስ ይለዋል። ያንን ብረት ከሰማሁ በኋላ ግን በልጅነቴ የማውቀው መሐንዲስ ሚስተር ኦወን ከፊቴ አልሄድ አለኝ።

ጣቢያችን ሦስት የድንጋይ ቤት፣ አንድ የውኃ ጋንና አንድ ትልቅ ግራር ነበረች። አባቴ የሀዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ በአንዱ ክረምት ከደጋ የወረደው ጎርፍ ድልድያችንን ይዞት ሄደ፣ ተሳፋሪው እዚያ ወርዶ፣ ዕቃውን ተሸክሞ፣ ወንዙን በእግሩ ተሻግሮ ማዶ የቆመውን ባቡር ይይዝ ጀመር። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ ድልድዩን እንዲሠራ የተላከው መሐንዲስ ሚስተር ኦወን መጣ። ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ የጆሮው ቆዳ በፀሐይ የተላጠ ረጅም ሰው ነበር፣ ሁላችንም ፈረንሳይ ነው አልን።

«ፈረንሳይ አይደለም!» አለ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው።

«እንግሊዝ ነህ በለኛ» አለው አባቴ።

«እንግሊዝ ደግሞ በጭራሽ! አይሪሽ!» ብሎ ቁጢጥ አለና አሸዋው ላይ አገሩን በጣቱ ሣለ፣ ባሕር መሃል ያለች ደሴት።

አባቴ አየት አድርጎ፣ «ይኸው፣ የእንግሊዝ ጎረቤት ነህ» ሲለው፣ «ጎረቤት ነን። ችግሩ እሱ ነው!» አለ፣ ከዚያ ወዲህ የሚለያዩ አልሆኑም።

በጋውን ሙሉ አባቴ በመዶሻው እየመታ፣ እሱ ሀዲዱ ላይ ተጋድሞ ጆሮውን እየለጠፈ አብረው ሲሄዱ ይውሉ ነበር። ማታ እኛ ደጅ ተቀምጦ የሠራባቸውን አገሮች ሲያወራልን ያመሽ ነበር። ከቤቱ ሲወጣ ሃያ ዓመቱ ነበር አሉ። ጫካ ውስጥ በወባ ተይዞ እያንቀጠቀጠው ሀዲድ ዘርግቷል፣ በረዶ ውስጥ መዶሻ እጁ ላይ እየተጣበቀበት ሠርቷል። ለእናቱም በየአገሩ ሆኖ አንድ ነገር ይጽፍላት ነበር፤ ይሄ ድልድይ ሲያልቅ እመጣለሁ እያለ። እናቴ ይኼን ስትሰማ እንዝርቷን አቁማ፣ «አንተ! እናትህን በድልድይ ነው የምታባብላት?» ትለው ነበር። እሱም ፀጉሩን እያከከ፣ «ይሄ የመጨረሻ ነው እትዬ። ይሄ ሲያልቅ፣ ቤት» ይላት ነበር። እሷም ባዶ እጁን እንዳይሄድ ብላ ለእናቱ የሚሆን ነጠላ መፍተል ጀመረች።

በልግ ገብቶ የድልድዩ እግሮች ሲቆሙ፣ ከእናቱ የሚመጣውን ደብዳቤ በግማሽ አማርኛ በግማሽ ምልክት ያነብልን ነበር። አይተናት የማናውቃትን ሴትዮ ቤቷን ሁሉ አወቅነው። ዶሮዎቿን ቀበሮ እንደጨረሰባት፣ ነጭ ላሟ እንዳረገዘች፣ ጣራዋ እንደሚያፈስ። እናቴ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ከሰላምታው አስቀድማ፣ «ላሟስ? ወለደች?» ትለው ነበር።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ ለጣቢያው ኃላፊ ለጋሽ ተፈራ ውኃ ይዤ ስገባ ስልኩ ጮኸ። ከድሬዳዋ የሚነበብላቸውን ቴሌግራም በእርሳስ ሲጽፉ ቆዩና፣ መጨረሻ ላይ ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ሩጪ፣ አባትሽን ጥሪ» አሉኝ።

አባቴ መጥቶ ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ። የመሐንዲሱ እናት አርፋ ተቀብራለች።

«እንዴት አድርገን ነው የምንነግረው?» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ወንድም የለው፣ እህት የለው። በዚህ በረሃ ለብቻው መርዶ ይሰማ?»

«አይሆንም» አለ አባቴ። «ደግሞ ሰማዩን አይተኸዋል፣ ጎርፉ ደርሷል። ድልድዩ ይለቅለት። ያን ጊዜ ሰው ሰብስበን፣ በወጉ እንነግረዋለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ምንም አልሰማሽም» አለኝ።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ ተወርውሮ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በዘመድ መሃል ነው፣ የወደቀውን የሚይዝ እጅ እንዲኖር። ስለዚህ ማንም ክፉ የሠራ አልመሰለውም። ሃያ ቀን ደበቅነው። እናቴ ካቆመች ይጠረጥራል ብላ ለሞተች ሴት ነጠላ መፍተሏን ቀጠለች። አንድ ቀን ሚስተር ኦወን ፈትሉን በጣቱ ዳበስ አድርጎ፣ «እናቴ ትንሽ ናት እትዬ፣ እስከዚህ» ብሎ ደረቱን አሳያት። «አይበዛባትም?» እሷም፣ «ትደርበዋለች» አለችና ጢሱ ዓይኔን አቃጠለኝ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እሳት ያልነደደበት ቤት ነበር። እሱ በየቅዳሜው ደብዳቤውን ይጽፍ ነበር፣ አባቴም ተቀብሎ ባቡር ላይ ይጭነው ነበር።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ድልድዩ አለቀ፣ የመጀመሪያው ባቡርም እያፏጨ ተሻገረ። በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ የጣቢያው ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ የመሐንዲሱ ደጅ ላይ ተሰበሰበ። እሱ በሩን ከፍቶ ሲያየን ደስ አለው። ሊሸኙኝ መጡ ብሎ ነው። እየሣቀ ሻንጣውን አሳየን፣ አስሮት ነበር።

አባቴ ቀርቦ ክንዱን ያዘና ነገረው። ሚስተር ኦወን ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«መቼ?»

«ሃያ ቀን ይሆነዋል» አለው አባቴ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ጋሽ ተፈራን አየ፣ አንገታቸውን ደፉ። እናቴን አየ፣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በመጨረሻ ሲያስቀኝ የሚውለው ሰው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺም?» አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ወደ ድልድዩ ሄደ፣ እስከ ቀትርም እዚያው ተቀምጦ ዋለ።

ሲመለስ ሰው እንደተቀመጠ ነበር። እናቴ ደረቷን እየመታች ማልቀስ ጀመረች፣ ሙሾዋ ውስጥም ዶሮዎቹን፣ የሚያፈሰውን ጣራ፣ ነጯን ላም ሁሉ ጠራቻቸው። ላም የምትለዋን ቃል ሲሰማ ያ ረጅም ሰው አባቴ ጭን ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሦስት ቀን አብረነው ተቀመጥን።

ባቡሩ ሊነሣ ሲል አባቴን አቅፎ፣ «በሌላ አገር ማንም አያለቅስልኝም ነበር። አመሰግናለሁ» አለው። ከዚያ ለቀቅ አድርጎት፣ «ግን በቀለ፣ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩላት። ማን ከፈታቸው?» አለው። ሸማኔ ሠርቶ ያደረሰውን ነጠላ ግን ወስዶታል፣ በመስኮት በኩል ጉልበቱ ላይ አይቼዋለሁ።

የዚያ ዓመት ጎርፍ ከሁሉ የከፋ ነበር፣ ድልድዩ ግን ንቅንቅ አላለም። አባቴ እስከ ጡረታው ድረስ በላዩ ባለፈ ቁጥር ሦስት ጊዜ እየመታ ያዳምጠው ነበር። አንድ ቀን ውኃ ይዤለት ስሄድ መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ብነግረውም ኖሮ እኮ ድልድዩን ጥሎ አይሄድም ነበር» አለኝ። ስለ ማን እንደሚያወራ አልጠየቅሁትም።

አሁን እናት እኔ ነኝ፣ በባዕድ በረሃ ሀዲድ የሚዘረጋውም የእኔ ልጅ ነው። እሱም በየሳምንቱ፣ «እማዬ፣ ይሄ ፕሮጀክት ይለቅና እመጣለሁ» ይለኛል፣ እኔም እሺ ሥራህን ሥራ እለዋለሁ። ያኔ ወሬ ቀስ ብሎ ነበር የሚደርሰው፣ እኛ ደግሞ የራሳችንን ሃያ ቀን ጨመርንበት። ዛሬ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ልጄ ጆሮ ለመድረስ አንድ ጣት ይበቃል፣ ያቺን ጣት ለማንሣት ግን አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ፌርፋክስ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በቪዲዮ ደወልኩለት። የብረት ቆቡን እንዳደረገ ብቅ አለ፣ ከኋላው ቀይ አፈርና ሀዲድ ይታያል። ሁሉንም ነገርኩት።

ቆቡን አወለቀ።

«መቼ ነው እማዬ?» አለኝ።

«ገና ነው፣ ልጄ» አልኩት። «ሐሙስ ነው።»