ሳላነብ የፈረምኩት

ይህ ነገር በፍራንክፈርት ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዛሬም ሳስበው ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም።

አውሮፕላን ማረፊያው፣ እኛ ፍሉግሃፈን የምንለው ቦታ፣ ጽዳት እሠራ ነበር። አንድ ቀን አለቃችን ሥራ ቀንሷል አለና ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጀርመንኛ ማንበብ ይከብደኛል። ሰውየው በዕድሜ አባቴ ይሆናል። እጁን እንደዘረጋ ማቆየቴ አሳፈረኝና ፈረምኩ።

ለካ ወረቀቱ በፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ የሚል ኖሯል። የሥራ አጥ ድጎማ ስጠይቅ መሥሪያ ቤቱ፣ ራስሽ ስለለቀቅሽ ለሦስት ወር አይከፈልሽም ብሎ ጻፈልኝ። ሦስት ወር ያለ ኪራይ የሚያስቀምጠኝ ሰው አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጡረተኛ መሐንዲስ ይግባኙን ጻፉልኝ። ለቀጠሮውም፣ እዚህ ቴርሚን ለሚባለው፣ አብረውኝ ሄዱ።

«እንዳታቀረቅሪ። እዚህ አገር ያቀረቀረ ሰው ውሸታም ይመስላቸዋል» አሉኝ ባቡር ውስጥ።

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው አቀርቅሬ።

የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ ትልቅ ሰው ሳያነብ ይፈርማል ብዬ አላምንም አለች። ጋሽ ታደሰ ይሉኝታ ምን እንደሆነ ያስረዷት ጀመር። ቃሉን በጀርመንኛ ስላጡት ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ሴትዮዋ አልተዋጠላትም። በመጨረሻ ፈጠን ፈጠን እያለች ተናገረችና ወረቀት ከነእስክሪብቶው ዘረጋችልኝ። ያለችው አልገባኝም። እጇ ግን ተዘርግቷል። ፈረምኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አሉ ጋሽ ታደሰ በአማርኛ። «ይግባኙን ትቻለሁ የሚለው ቅጽ እኮ ነው። እቤት ወስደሽ አስቢበት ነው ያለችሽ።»

ሴትዮዋ ፊርማዬን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ምን እንደፈረምሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ፈረምሽ?»

«እጅዎ እንዳይደክም ብዬ።»

ወረቀቱን ቀድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና ኮምፒውተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ።

ጋሽ ታደሰ ወሬውን ለምእመናኑ ሲያወሩ፣ እንዳላፍር ብለው የፊርማውን ነገር ዘለሉት። ስለዚህ ስሜ «መሥሪያ ቤቱን ተከራክራ የረታችው» ሆኖ ቀረ። ክፉ ደብዳቤ የደረሳት ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ምን ብለሽ አሳመንሻቸው ትለኛለች። እውነቱን ፊት ለፊት መናገር ስላፈርኩ ነው እዚህ የምጽፈው። ባለፈው እሑድ አንዷ፣ አብረሽኝ ሄደሽ ተከራከሪልኝ ብላ ለመነችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቴርሚን አለን።